በሁሩሙ መድረሳ ልክን ስለ ማስተማር

ዝናብ አብዛኛውን የዓመቱን ወራት በማይለያት፣ ሸለቆዋም ሁሉ ምንጭ በሆነ በሁሩሙ፣ የመድረሳን ሕፃን ውሃ እንዳያባክን ማስተማር የአፋርን ልጅ ከማስተማር ይልቅ ይከብዳል፤ ያንን ጥሙ ራሱ ያስተምረዋል፣ ይህን ግን መምህሩ ዝም ካለ የሚያስተምረው የለምና። ስለዚህ ትምህርቱን ከድርቅ ወሬ አልጀምረውም፤ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በወራጅ ወንዝ ዳር እንኳ በውዱእ ማባከን እንደማይገባ ስለ ማስተማራቸው፣ እርሳቸውም በአንድ ሙድ፣ ማለት ከሊትር ባነሰ ውሃ፣ ውዱእ ያደርጉ ስለ መሆናቸው በሐዲስ ከተላለፈው እጀምረዋለሁ እንጂ። ከዚያ ማንቆርቆሪያውን እስከ ግማሹ ሞልቼ ለደረሳው እሰጠዋለሁ። ክንዱን ሳይጨርስ ያልቅበትና እግሩ ደርቆ ያየኛል። ሁለተኛ ሲሞላለት ግን ጣቱን ከማንቆርቆሪያው አፍ ሥር አድርጎ ውሃውን በቀጭኑ ማውረድ ይጀምራል።

ሰውን በሰውነቱ ማክበርም እንዲሁ በእጅ ካልያዙት በጆሮ ብቻ አይገባም። በአገራችን መሻይኮች ዘንድ የሻፊዒውም የሐነፊውም መዝሀብ ሲቀራ ኖሯልና፣ በሱብሒ ሶላት ቁኑት የሚያደርገውንና የማያደርገውን ደረሳ ጎን ለጎን አሰግዳቸዋለሁ፤ የሁለቱም ሶላት ሙሉ እንደ ሆነ በዐይኑ ያየ ልጅ፣ ነገ በሃይማኖት ከማይመስለው ጎረቤቱ ጋር ሲገናኝ ልዩነትን እንደ ጠብ አይቈጥረውም። (የአንድ መዝሀብ ኪታብ ብቻ ይበቃል የሚሉ ወንድሞች ይህን አይወዱልኝም፤ እኔ ግን ጽንፈኝነት የሚበቅለው ከዚያው ይመስለኛል።) የነጃሺን ታሪክ በቃል ማስጠናት ቀላል ነው፤ አጠገብ የቆመን መታገሥ ይበልጥ ያደክማል።

ደንን መጠበቅም እንዲሁ በእጅ የሚማሩት ነው። የያዮ የቡና ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ሲመዘገብ ሁሩሙ ከወረዳዎቹ አንዷ ነበረች። ነገር ግን ደኑን የሚጎዳው ምሳር ብቻ አይደለም፤ በየዓመቱ ከቡናው ሥር በሚደረገው ምንጣሮ የዋንዛውና የቀረሮው ቡቃያ ከአረሙ ጋር አብሮ ይታጨዳልና፣ ጥላ የሰጡት ዛፎች ያለ ወራሽ ያረጃሉ። ወፍ የበላለት ተክል ለተካዩ ሰደቃ እንደሚሆንለት የቀራ ደረሳ፣ ከማጭድ በፊት ቡቃያውን ፈልጎ በእንጨት እንዲያጥር አዘዋለሁ።

ልጃችሁ ስንት ጁዝ እንዳከተመ የምትጠይቁኝ ወላጆች ሆይ፣ ይህ ሥራ በመድረሳው ግቢ ብቻ አይጸናምና፣ በዘንድሮው ምንጣሮ የልጃችሁን አጥር አትንቀሉበት።