«ማይክሮ» እና የአማርኛ አቻዎቹ፦ ሂሳዊ ምልከታ

በሕክምና ሙያ ውስጥ «ማይክሮ» የሚለውን ቅድመ ቅጥያ ያህል አዘውትረን የምናነሣው የባዕድ ቃል ጥቂት ነው። ማይክሮስኮፕ፣ ማይክሮባዮሎጂ፣ ማይክሮሴፋሊ፣ ማይክሮፊላሪያ፣ ማይክሮግራም እንላለን። ቅጥያው «ሚክሮስ» ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ፣ ፍቺውም «ትንሽ» መሆኑን ያልሰማ የጤና ባለሙያ አለ ለማለት ያስቸግራል። ችግሩ የሚጀምረው ነገሩ በዚህ ያበቃ መስሎን በማስተማሪያ ጽሑፎቻችንና በፖስተሮቻችን ላይ ያገኘነውን «ማይክሮ» ሁሉ በአንድ የአማርኛ ቃል ለመተካት ስንነሣ ነው።

መጠየቅ ያለበት «ትንሽ የሆነው ማን ነው?» የሚለው ነው። መልሱ ከቃል ቃል ይለያያል። በማይክሮሴፋሊ ትንሽ የሆነው ራሱ የሕፃኑ ጭንቅላት ነው፤ በሜትር ተለክቶ ይታወቃል። ማይክሮሳይቲክ በምንለው የደም ማነስም እንዲሁ፣ በጤናማ ሰው ከ7 እስከ 8 ማይክሮሜትር ስፋት ያለው ቀይ የደም ሕዋስ ከልኩ አንሶ ይገኛል። ማይክሮሰርጀሪ ስንል ግን ቀዶ ሕክምናው ትንሽ አይደለም፤ ብዙ ሰዓት የሚወስድና ብዙ ጥበብ የሚጠይቅ ነው። ቅጥያው የሚያመለክተው ሥራው በማይክሮስኮፕ እየታየ መከናወኑን ብቻ ነው። በማይክሮግራም ደግሞ ቅጥያው መጠነኛ ትንሽነትን ትቶ ቁርጥ ያለ ቁጥር ሆኗል፦ የአንድ ግራም አንድ ሚሊዮንኛ።

ከሁሉ ይልቅ አሳሳቹ ማይክሮአልቡሚኑሪያ ነው። ቃሉን እንዳለ የሚፈታ ተማሪ በሽንት ውስጥ ትንሽ ዓይነት አልቡሚን የተገኘ ሊመስለው ይችላል። አልቡሚኑ ግን ያው የምናውቀው አልቡሚን ነው፤ ያነሰው በሃያ አራት ሰዓት ሽንት ውስጥ የሚወጣው መጠን፣ ማለትም ከ30 እስከ 300 ሚሊግራም ያለው ነው። ይህም በተለመደው የሽንት መመርመሪያ ወረቀት በቀላሉ ስለማይታይ ስሙ ወጣለት። «ማይክሮ» መባሉ ነገሩን ቀላል አስመሰለው እንጂ ለስኳር ሕመምተኛ የኩላሊትና የልብ አደጋ ማስጠንቀቂያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ዓለም አቀፍ የኩላሊት ሕክምና መመሪያ ቃሉን ላቦራቶሪዎች እንዲተዉት መክሯል፤ ተገቢ ምክር ነው። ሆኖም ልማድ ከመመሪያ ይጠነክራልና ዛሬም በየካርዱ ላይ ሲጻፍ እናየዋለን።

የቃላቱ አወላለድ ራሱ ንጹሕ አይደለም። «ማይክሮስኮፕ» የሚለውን ስም እ.ኤ.አ. በ1625 ያወጣው በሮም ይኖር የነበረው ሐኪምና የዕፀዋት ሊቅ ጆቫኒ ፋበር ነው፤ ጋሊልዮ ራሱ መሣሪያውን በጣሊያንኛ «ትንሽዋ መነጽር» ብሎ ይጠራው ነበር። «ማይክሮብ» ደግሞ የመጣው ከዚያ ብዙ ዘግይቶ እ.ኤ.አ. በ1878 ነው። ፈረንሳዊው ቀዶ ሐኪም ሴዲዮ ሚክሮስን «ቢዮስ» ከሚለው የግሪክ ቃል ጋር አጋጥሞ ሠራው፤ ከማቅረቡም በፊት የሒፖክራተስን ድርሳናት ወደ ፈረንሳይኛ የመለሰውን የመዝገበ ቃላት ሊቅ ሊትሬን አማከረ። ቃሉ በጥንቱ ግሪክ አነጋገር «ትንሽ ሕያው» ሳይሆን «ዕድሜው አጭር» ማለት ነበር። ሊትሬ ይህን እያወቀ፣ ቃሉ ራሱን ይከላከል ተብሎ እንዲተው መከረ። ቃሉም ራሱን ተከላከለ። እንግዲህ የባዕዱ ቃል ጉድለት እያለበት ከጸደቀ፣ ለአማርኛው አቻ ፍጹምነትን መጠየቅ ፍርደ ገምድልነት ነው ቢባል ያስኬዳል። የእኔ ትችት ግን በጉድለቱ ላይ ሳይሆን አድማጩን በሚያሳስተው ላይ ነው።

በአማርኛ ጽሑፎቻችን ሦስት አቻዎች ይፈራረቃሉ፦ ጥቃቅን፣ ረቂቅ እና ደቂቅ።

«ጥቃቅን» ከሦስቱ ለጆሮ የቀረበው ነው፤ ሕዝቡ «ጥቃቅንና አነስተኛ» ከሚለው የንግድ ተቋማት መጠሪያም ይበልጥ ተላምዶታል። ጉዳቱ «ጥቃቅን ነፍሳት» ሲባል ይታያል። «ነፍሳት» በተራው አነጋገር ዝንብ፣ ትንኝና ቁንጫ ናቸው። ስለዚህ ተቅማጥ በጥቃቅን ነፍሳት ይመጣል የተባለች እናት ውሃው ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር ብትፈልግና ብታጣ፣ ውሃው ንጹሕ ነው ብላ ብትደመድም ጥፋቱ የእርሷ አይደለም። «ጥቃቅን ንጥረ ምግቦች» የሚለውም ሌላ እንከን አለበት። በአማርኛ ጥቃቅን ነገር ማለት ልብ የማይባል፣ ሊታለፍ የሚችል ማለት ነውና። አዮዲን ግን ለአዋቂ ሰው በቀን 150 ማይክሮግራም፣ ለነፍሰ ጡር 250 ማይክሮግራም ብቻ የሚያስፈልግ ሆኖ ሳለ፣ ጉድለቱ እንቅርትንና የጽንሱን የአእምሮ እድገት መጓደል ያስከትላል። ትንሽ የሆነው የሚፈለገው መጠን እንጂ ጥቅሙ አይደለም።

«ረቂቅ ተሕዋስያን» የሚለው ክብደት ያለው ስም ነው፤ ብዙ የሙያ ጽሑፎችም ይመርጡታል። «ተሕዋስያን» መንቀሳቀስን ከሚያመለክተው የግእዝ ሥር የወጣ በመሆኑ ለሕያዋን የተስማማ ነው። እኔን የሚከብደኝ «ረቂቅ» ነው። በግእዝ ረቀቀ ቀጠነ፣ ደቀቀ ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ደጋፊዎቹም በዚህ ይከራከራሉ። ነገር ግን በቤተ ክህነት ትምህርትና ከዚያም በወጣው የሕዝብ አነጋገር «ረቂቅ» የ«ግዙፍ» ተቃራኒ ነው። ነፍስ ረቂቅ ናት፣ መላእክት ረቂቃን ናቸው፣ ሥጋ ግን ግዙፍ ነው። በዚህ ሚዛን ባክቴሪያ ግዙፍ ነው፤ ርዝመት፣ ስፋትና ክብደት አለው፤ በሳሙና ይታጠባል፣ በፈላ ውሃ ይሞታል። በሽታን ከረቂቅ መንፈስ ጋር ለሚያያይዝ ሰው «ረቂቅ ተሕዋሲ» ብሎ ማስተማር የነበረውን እምነት ማጽናት እንዳይሆን እሰጋለሁ። በሳሙና የሚታጠብ ረቂቅ ማን ሰምቶ ያውቃል?

ሦስተኛው «ደቂቅ» በትምህርት ቤት መጻሕፍት «ደቂቅ ዘአካላት» ተብሎ ይታወቃል። ለጆሮ ይከብዳል፤ ለገጠር የጤና ትምህርትም አይመከርም። ከፍቺ አንጻር ግን ከሁሉ የሚሻለው እርሱ ነው ብዬ እፈርዳለሁ። ደቂቅ በአንድ በኩል የደቀቀ፣ ያነሰ ማለት ነው፤ «ደቂቃ» የምንላት የጊዜ ክፍልም ከዚሁ ሥር ናት፤ ላቲኖችም የሰዓቱን ክፍል «መጀመሪያዋ ትንሽ ክፍል» ብለው መሰየማቸው ደስ የሚል መገጣጠም ነው። በሌላ በኩል ደቂቅ ልጆች ማለት ነው፤ ደቂቀ አዳም እንደምንለው። ደግሞም ሊቃውንቱ ዐሥራ ሁለቱን ነቢያት «ደቂቀ ነቢያት» ሲሉ የመጻሕፍታቸውን ማጠር እንጂ የክብራቸውን ማነስ አይናገሩም። ስለ አዮዲን የምንፈልገው ዓይነት ትንሽነት ይኸው ነው።

የዚህ ቃል ብልጫ በማይክሮፊላሪያ ላይ ይበልጥ ይወጣል። ፊላሪያ ከላቲኑ «ክር» የተወለደ ስም ነው። ማይክሮፊላሪያ ግን ሌላ ትንሽ ትል አይደለም፤ የዚያችው የፊላሪያ ትል ልጅ ነው። በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በሚታወቀው ኦንኮሰርካይሲስ፣ ሴቷ ትል ከ30 ሳንቲ ሜትር በላይ ስትረዝም ልጆቿ ከአንድ ሚሊሜትር ሲሶ ብዙም አይበልጡም። የሚያሳክኩትም፣ ዓይንን የሚያጠፉትም በቆዳና በዓይን ውስጥ የሚሰራጩት ልጆቹ ናቸው። አይቨርሜክቲን የሚገድለውም እነርሱን እንጂ ለዓመታት የምትኖረውን እናት አይደለም፤ መድኃኒቱ በየዓመቱ ወይም በየስድስት ወሩ የሚደገመውም ለዚህ ነው። «ደቂቀ ፊላሪያ» ብንል ትንሽነቱንም ልጅነቱንም በአንድ ቃል እንይዛለን፤ ግሪኩ የማይነግረንን አማርኛው ይነግረናል። «ጥቃቅን ፊላሪያ» የሚለው ትርጉም ግን «ባለፈው ዓመት ውጬው የለ፣ ዘንድሮ ለምን?» ለሚል ሰው መልስ አያቀብልም።

ይህ ሁሉ ለሕያዋን ስሞች ነው። ወደ መለኪያ ስንመጣ ፍርዴ ይገለበጣል፤ እዚህ ላይ አማርኛ ባንፈልግለት ይሻላል። ማይክሮ በዓለም አቀፉ የመለኪያ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1960 የጸደቀ፣ ሙ በምትባለው የግሪክ ፊደል የሚወከል ቁጥር ነው። ፊደሏ በችኮላ ስትጻፍ ከላቲኗ ኤም ጋር ትመሳሰላለች፤ ማይክሮግራሙ ሚሊግራም ተብሎ ሲነበብ መጠኑ ሺህ እጥፍ ይሆናል። ስለ መድኃኒት አሰጣጥ ደኅንነት የሚሠሩ ተቋማት ይህን ምልክት በእጅ ጽሑፍ እንዳንጠቀም ከመከሩ ቆይተዋል።

እኛ ዘንድ ደግሞ ሌላ አደጋ ተጨምሯል። አንዳንዱ «ማይክሮ»፣ አንዳንዱ የቀድሞውን አነባበብ ተከትሎ «ሚክሮ» ይላል። ሚክሮግራም ሲያጥር «ሚ.ግ.» ይሆናል፤ ሚሊግራምም ሲያጥር «ሚ.ግ.» ነው። «ማ.ግ.» ብለን ብንለይም ማ እና ሚ በአንዲት ቅጥል ብቻ የሚለያዩ ፊደላት ናቸው። እኔ ራሴ በተለማማጅነት ዘመኔ በአንድ ጤና ተቋም ውስጥ በአማርኛ የተጻፈ የመጠን ማስታወሻ ይዤ ሦስት ባልደረቦቼን ብጠይቅ ሁለት የተለያዩ ንባቦች አግኝቻለሁ። እንደ ዕድል ሆኖ መድኃኒቱ ገና አልተሰጠም ነበር። አይቨርሜክቲንን ብንወስድ፣ መጠኑ በኪሎ 150 ማይክሮግራም ሲሆን ኪኒኑ የሚታሸገው በ3 ሚሊግራም ነው፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 9 ሚሊግራም፣ ማለትም 3 ኪኒን ይሆናል። ሁለቱ መለኪያዎች በአንድ ስሌት ውስጥ ይገናኛሉ። የሚዞፕሮስቶል ነገር ደግሞ ይብሳል። ምጥ ለማስጀመር በአፍ የሚሰጠው 25 ማይክሮግራም፣ ከወሊድ በኋላ ደም መፍሰስን ለመከላከል የሚሰጠው 600 ማይክሮግራም ሲሆን፣ የተለመደው ኪኒን 200 ማይክሮግራም ነው። በዚህ መድኃኒት ላይ የአሐዱም የቁጥሩም ስሕተት በእናት ማሕፀን ላይ የሚወድቅ ነው።

ስለዚህ በትእዛዝ ወረቀትና በመድኃኒት መለያ ላይ «ማይክሮግራም» ሳያጥር፣ በ«ማ» ተጀምሮ፣ ሙሉው ይጻፍ። ሰባት ፊደል ብቻ ነው።