የሞክሼ ሆሄያት ፈተና፦ የጨዋታ መልእክት ማጣሪያዎች ሲመዘኑ

በበይነመረብ የቡድን ጨዋታዎች ውስጥ ቦቶች የሚነዙትን ማስታወቂያ ለመግታት የተለመደው ዘዴ የታገዱ ቃላትን ዝርዝርና የመልእክትን መደጋገም ይከተላል። ሁለቱም አንድ ቃል አንድ አጻጻፍ አለው ከሚል ግምት ይነሣሉ፤ በአማርኛ ግን ግምቱ አይጸናም። «ሂሳቡን ላኩ፣ ወርቁን ውሰዱ» የሚል ቦት ሂ፣ ሒ፣ ኂን እና ሳ፣ ሣን በማፈራረቅ ብቻ «ሂሳብ»ን በ6 መልክ ይጽፋል። ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 የኢትዮጵያን ፊደል ሲያካትት ለእያንዳንዱ ሞክሼ የየራሱን ቁጥር ስለ ሰጠ፣ ለማሽኑ እነዚህ 6 የተለያዩ ቃላት ናቸው። ቅጥያ ሲታከልበትም፣ እንደ «በሂሳባችሁ»፣ ዝርዝሩ ፈጽሞ አይደርስበትም።

ሞክሼዎችን ወደ አንድ መመለስ መፍትሔ ነው፤ ነገር ግን ለንጽጽር ብቻ ሊውል ይገባል። የተጫዋቹን ጽሑፍ ራሱን የሚለውጥ ከሆነ፣ ፀሐይ «ሠረቀ» የተባለላት ሌባ «ሰረቀ» ከተባለለት ጋር ይቀላቀላል።

ጉዳዩ በጅቡቲ ከተማ ይከብዳል። ፈረንሳይኛና ዐረብኛ የመንግሥት ቋንቋዎች ናቸው፤ ሶማልኛና አፋርኛ በላቲን ፊደል ይጻፋሉ፤ አማርኛ ተናጋሪዎችም አሉ። የቋንቋ ቅይጥን ወይም እንግዳ ፊደልን የቦት ምልክት አድርጎ የሚቆጥር ማጣሪያ ሰውን ዝም ያሰኛል። ስለዚህ ማጣሪያ ሊመዘን የሚገባው በገታው ማስታወቂያ ብዛት ብቻ ሳይሆን፣ በየቋንቋው ያለ ጥፋታቸው ባገዳቸው ተናጋሪዎች ቍጥርም ነው።