የሰኞ ዳዊት

ባለፈው ክረምት አክስቴ ሆስፒታል ተኝታ ሳለ አስታማሚዋ እኔ ነበርኩ። በመጀመሪያው ሳምንት ጠያቂው ከመብዛቱ የተነሣ የበሩ ጥበቃ ተማሮብን ነበር፤ ብርቱካኑና ሙዙ ኮመዲኖው ላይ አልበቃ ብሎ መሬት ላይ ይደረደር ነበር። በስድስተኛው ሳምንት ግን በሩን የሚከፍቱት ነርሶቹ ብቻ ሆኑ። አክስቴ አሁንም በሩ በተንቋቋ ቁጥር ቀና ትላለች። ላጽናናት ብዬ በስልኬ መዝሙር ከፈትኩላት። ጥቂት አዳመጠችና፣ «ዝጋው ልጄ» አለችኝ። «ይቺ የምትዘምረው ድናለች። እኔ ገና ነኝ።»

ስለ ማጽናኛ መዝሙሮቻችን ከዚህ የተሻለ ሂስ ሰምቼ አላውቅም። በየታክሲውና በየሱቁ የምንሰማቸው አብዛኞቹ የሚጀምሩት ከፍጻሜው ነው። ዘማሪው መረሳቱን ሲነግረን ግሡ አስቀድሞ ኃላፊ ጊዜ ሆኗል፤ እንባው ገና ሳይፈስ ይታበሳል። ይህ ምስክርነት ነው፤ ምስክርነትም ደግ ነገር ነው። አሁን፣ በዚህች ሰዓት፣ ተረስቻለሁ ለሚል ሰው ግን የሌላ ሰው የሠርግ ዘፈን ይሆንበታል።

አክስቴ ከትራሷ ሥር ዳዊቷን አውጥታ ሰጠችኝ። ቀኑ ሰኞ ነበር፤ ዳዊት በዕለት ተከፍሎ ሲደገም ደግሞ ከ1 እስከ 30 ያለው የሰኞ ድርሻ ነው። 12ኛው ላይ ስደርስ (በዕብራይስጡ አቆጣጠር 13ኛው ነው) እጇን አንሥታ፣ «እሱን ድገመው» አለችኝ።

እጅግ አጭር መዝሙር ነው። ሰውየው መረሳቱ እስከ መቼ እንደሚዘልቅ አራት ጊዜ አከታትሎ ይጠይቃል። የረሳው ሰው አይደለም፣ እግዚአብሔር ነው፤ አቤቱታውንም የሚያቀርበው ለዚያው ለረሳው ነው እንጂ ለጎረቤት አያማውም። ግዕዙ ነገሩን ይበልጥ ያከብደዋል። የመጀመሪያው መዝሙር በመጀመሪያው ቁጥር ክፉዎችን የሚጠራቸው «ረሲዓን» ብሎ ነው፤ ቃሉ «ረስዐ» ከሚለው ግሥ ሥር የወጣ ነው። ዳዊቱን ከአንድ ጀምሮ የሚደግም ሰው እንግዲህ በዚያው በሰኞ ጠዋት የክፉዎች መጠሪያ የወጣበትን ግሥ በእግዚአብሔር ላይ ተነግሮ ያገኘዋል። ይህን ድፍረት የዛሬ ዘማሪ ቢሞክረው ስንቱ «ንስሐ ግባ» ይለው ነበር!

መዝሙሩ በመጨረሻ ወደ መታመንና ወደ ዝማሬ ይዞራል። በመሐል ግን የሆነ ነገር የለም፤ ጠላት መሸሹ አልተነገረም፣ መልስ መምጣቱም አልተጻፈም። ሰውየው ብሶቱን ጨረሰ፣ ከዚያ ታመነ፤ ይኸው ነው። ሁሉም መዝሙር እንዲህ አይዞርም ደግሞ። የሐሙሱ 87ኛ ሳይዞር በጨለማ ያልቃል። መጽሐፉን የሰበሰቡት ሰዎች ጥሩ መዝጊያ ስንኝ ሊቀጥሉለት አልሞከሩም፤ በጨለማው ተውት፤ እኛም በየሳምንቱ እንደዚያው እንደግመዋለን። ጌታ በመስቀል ላይ የጮኸው ጩኸት መነሻውም ይኸው የሰኞ ዳዊት ነው፤ የ21ኛው መጀመሪያ። ለእኔ የክርስቲያን መጽናኛ ከዚህ ይጀምራል፦ ተተውኩ የሚለውን ጸሎት አምላክ ራሱ ሰው ሆኖ ጸልዮታል። እንግዲህ ያን ጸሎት በአክስቴ አፍ ላይ እምነት ማጣት ነው የሚል ማነው?

ለብዙ መዝሙሮች ምንጭ በሆነው ኢሳይያስ 49ም ተረሳሁ የሚል ክስ አለ። ከሳሿ ጽዮን ናት። መልሱ በእናት ይመሰላል፤ ዘማሪዎቻችን መልሱን ወስደው ክሱን ትተውታል። መልሱንም ቢሆን ለስላሳ አድርገውታል። ነቢዩ እናት ልጇን ልትረሳ እንደምትችል አይሸሽግም፤ ሰው ሁሉ፣ እናት እንኳ ሳትቀር፣ ሊረሳ ይችላል ብሎ ካመነ በኋላ ነው የእግዚአብሔርን አለመርሳት ለብቻው የሚያቆመው። የመጀመሪያው ግማሽ ሲቀር ሁለተኛው ክብደት አይኖረውም።

አንድ ነገር ልጨምር። በመጽሐፍ ቅዱስ ማሰብ የልብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። እግዚአብሔር ኖኅን ባሰበ ጊዜ ነፋስ ነፈሰ፣ ውኃው ጎደለ። የጠጅ አሳላፊዎቹ አለቃ ዮሴፍን ሲረሳው ደግሞ ዮሴፍ ሁለት ዓመት እዚያው እስር ቤት ቆየ። ግዕዙ «ዘከረ» ይላል፤ እኛም ከዚያው ሥር ያወጣነው ዝክር የሚበላና የሚጠጣ ነገር ነው።

በዚያው ሳምንት አንዲት የማኅበር ጓደኛዋ ዳቦ በነጠላዋ ሥር ይዛ መጣች፤ በዝናቡ ጫማዋ በስብሷል። ስለ መጥፋቷ ይቅርታ ስትጠይቅ አክስቴ የሰማቻትም አልመሰለኝም። ዳቦውን አሸተተችና፣ «ለካ ዛሬ 21 ነው፤ ማርያም ናት» አለች። ከዚያ ቆርሳ መጀመሪያ ከጎኗ ለተኛችው በሽተኛ አቀበለቻት።