ስምን በፊደል ቁጥር መመርመር፦ የአብጀድ ሒሳብና «ኮከባቸው አልገጠመም» የሚለው ብይን

በጎንደር ከተማም ሆነ በሰሜን ጎንደር ደጋ፣ በዳባትና በደባርቅ አካባቢ፣ ጋብቻ ሲታሰብ ከሽማግሌ መላክ ጋር አብሮ የሚነሣ ጥያቄ አለ፤ «ኮከባቸው ይገጥማል ወይ?» የሚል። ጥያቄው የአንድ ሃይማኖት ተከታዮች ብቻ አይደለም። ክርስቲያኑ ጎረቤታችን ደብተራ ዘንድ ሲሄድ፣ ከሙስሊሙም አረብኛ ኪታብ የያዘ መጽሐፍ ገላጭ ዘንድ የሚሄድ አይጠፋም። አሠራሩ አንድ ዓይነት ነው። የሰውየውና የእናቱ ስም ይጠየቃል፤ ፊደሎቹ ወደ ቁጥር ይለወጣሉ፤ ድምሩ በ12 ይገደፋል፤ ከተረፈው ቁጥር ኮከብ፣ ከኮከቡም ብይን ይወጣል። በዚህ ብይን የተጀመረ የኒካሕ ጉዳይ ይቋረጣል፤ የታመመ ሕፃንም «ስሙ ከብዶታል» ተብሎ ስሙ ይለወጣል። ጉዳዩ የመጽሐፍ ጉዳይ ብቻ ያልሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ የሰው ትዳርና የሰው እምነት አለበት።

በመስጊድና በመድረሳ ለዚህ ጉዳይ የሚሰጡት መልሶች በአብዛኛው ሁለት ናቸው። አንደኛው «ይህ የደብተራ ሥራ ነው፤ እኛን አይመለከተንም» ይላል። ሁለተኛው «አብጀድ የሚባል ነገር ሁሉ ሲሕር ነው» ይላል። በእኛ እይታ ሁለቱም ስተዋል። የመጀመሪያው የራሳችንን ድርሻ ይሸሽጋል፤ ሁለተኛው ዕውቀትንና ጥንቆላን አንድ ላይ ይወቅጣል። በዚህ ጽሑፍ የምናሳየው ፊደልን በቁጥር መተካት በራሱ ጥፋት አለመሆኑን፣ ጥፋቱ የሚጀምረው ከድምሩ ትራፊ በሰው ላይ ብይን ሲሰጥ መሆኑን፣ ይህም ብይን በሸሪዓ ሚዛን ብቻ ሳይሆን በራሱ ሒሳብም የማይቆም መሆኑን ነው።

አብጀድ ምን ነበር?

በአብጀድ ሥርዓት 28ቱ የአረብኛ ፊደላት በጥንታዊው የሴማውያን ፊደል ተራ ይቆማሉ። ከአሊፍ እስከ ጧእ ከ1 እስከ 9፣ ከያእ እስከ ሷድ ከ10 እስከ 90፣ ከቃፍ እስከ ዟእ ከ100 እስከ 900 ይይዛሉ፤ ገይን 1000 ይሆናል። የሥነ ፈለክ ሊቃውንት የኮከብ ሰንጠረዦቻቸውን በእነዚህ ፊደላት ሞልተዋል፤ የአስጡርላብ ሠሪዎች ዲግሪዎችን በእነርሱ ቀርጸዋል፤ ገጣሚዎች የአንድን ዓሊም የሞት ዓመት ወይም የመስጊድ የግንባታ ዘመን በአንድ ሐረግ ውስጥ አኑረዋል። ይህ ሒሳቡል ጁመል የሚባለው ነው።

ለቂራኣት መምህራን ደግሞ ከዚህም የቀረበ ምሳሌ አለ። ኢማም አሽ-ሻጢቢ (ሞት 590 ሂ.) በ1173 ስንኞች ባዘጋጁት «ሒርዙል አማኒ» የቁርኣን አንባቢዎቹን ያመለከቱት የአብጀድን ተራ ተከትለው ነው፦ አሊፍ ለናፊዕ፣ ባእ ለቃሉን፣ ጂም ለወርሽ። እዚህ ላይ ፊደሉ ምልክት እንጂ ምሥጢር አይደለም። አብጀድን ሁሉ በጅምላ ሲሕር የሚል ዳዒ ይህን ኪታብ ምን ሊለው ነው? ደረሳው ነገ ሻጢቢያን ሲከፍት ወይ መምህሩን ይጠራጠራል፤ ወይ ኪታቡን። ስለዚህ ድንበሩ ከአጠቃቀሙ ላይ መሰመር አለበት። ፊደል ዓመትን፣ ተራን ወይም ሰውን ቢያመለክት የስምምነት ምልክት ነው። የተሰወረን ነገር ይናገራል ከተባለ ግን ሌላ በር ተከፍቷል።

ሒሳቡ የማን ነው?

«የደብተራ ሥራ ነው» የሚለውን መልስ ለመመርመር «ዐውደ ነገሥት» የተባለውን የታወቀ መጽሐፍ መግለጥ ይበቃል። ስም ተቆጥሮና በ12 ተገድፎ የሚገኙት ኮከቦች ሐመል፣ ሠውር፣ ገውዝ፣ ሸርጣን፣ አሰድ፣ ሰንቡላ፣ ሚዛን፣ ዐቅራብ፣ ቀውስ፣ ጀዲ፣ ደለዊና ሑት ይባላሉ። አረብኛ የሚያውቅ መምህር ትርጉም አይጠይቅም፤ አል-ሐመል በግ፣ አስ-ሠውር በሬ፣ አል-አሰድ አንበሳ፣ አል-ዐቅረብ ጊንጥ፣ አል-ቀውስ ቀስት፣ አል-ሑት ዓሣ ነው። ስሞቹ ከአረብኛ ወደ ግዕዝና ወደ አማርኛ የገቡ ናቸው።

በ1668 እ.ኤ.አ. በአፄ ዮሐንስ 1ኛ ዘመን በጎንደር የተካሄደው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ ወስኖ ነበር። ከቀሃ ወንዝ አጠገብ ያለው አዲስ ዓለምም የሙስሊሞች ሰፈር ሆኖ ኖሯል። መኖሪያው ተለየ፤ ሒሳቡ ግን አልተለየም። በዚያም በዚህም የሚገደፈው በ12 ነው፤ የሚወጣውም ኮከብ ሐመልና ሠውር ነው። ጥንቆላን መቃወምም የእኛ ብቻ አይደለም፤ አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጠንቋዮችን አጥብቀው ያወገዙ ንጉሥ ነበሩ። እንግዲህ ጎረቤትን መውቀስ የሚያዋጣ አይደለም። የኮከቦቹ ስም በእኛ ቋንቋ ነው፤ ተመሳሳዩ ሒሳብ በኪታቦቻችን መካከል ተቀምጧል፤ እርማቱም ከእኛ ይጠበቃል።

ሒሳቡ በራሱ ላይ ሲመሰክር

የዚህ ሒሳብ ጠበቆች «ቁጥር አይዋሽም» ይላሉ። እኛም በቁጥር እንከተላቸው። ሷሊሕ የተባለ ወጣት እናቱ ዘይነብ ብትሆን፣ በምሥራቁ አቆጣጠር ሷድ 90፣ አሊፍ 1፣ ላም 30፣ ሓእ 8፣ በድምሩ 129 ይሆናል። ዘይነብ ደግሞ ዛይ 7፣ ያእ 10፣ ኑን 50፣ ባእ 2፣ በድምሩ 69 ናት። ሁለቱ 198 ይሆናሉ፤ በ12 ሲገደፍ 6 ይተርፋል፤ ኮከቡ ሰንቡላ ነው። ነገር ግን የመግሪብ ሊቃውንት አቆጣጠር በስድስት ፊደላት ላይ ከምሥራቁ ይለያል፤ ከእነዚህም አንዱ ሷድ ሲሆን በእነርሱ ዘንድ 60 ነው። በዚህ መሠረት ሷሊሕ 99፣ ከእናቱ ጋር 168 ይሆናል፤ በ12 ሲገደፍ ምንም አይተርፍምና ኮከቡ አሥራ ሁለተኛው፣ ሑት፣ ነው። አንድ ልጅ፣ አንዲት እናት፣ ሁለት ኮከብ። ሙሽራይቱ ከሰንቡላ ጋር ገጥማ ከሑት ጋር ባትገጥም ኒካሑ በየትኛው ይታሰር?

ስሙ በአማርኛ ሲጻፍ ነገሩ ይብሳል። አንዱ «ሷሊሕ»፣ ሌላው «ሳሊህ»፣ ሦስተኛው «ሳልህ» ብሎ ይጽፋል። በንግግራችን ሀ፣ ሐና ኀ አንድ ድምፅ ሆነዋል፤ ሰና ሠም እንዲሁ። በፊደል ተራ ግን እያንዳንዳቸው ለየብቻ የቆሙ ናቸው። ስለዚህ የሰውየው ዕድል የቀበሌ መታወቂያውን የሞላው ጸሐፊ በመረጠው ፊደል ይወሰናል ማለት ነው።

ይህ መዛባት በተራ መጽሐፍ ገላጭ ላይ ብቻ የደረሰ አይደለም። የአንዳሉሱ ዓሊም አስ-ሱሀይሊ (ሞት 581 ሂ.) በሱራዎች መክፈቻ የሚገኙትን 14 ፊደላት ያለ ድግግሞሽ ደምረው 903 ሲያገኙ፣ ቁጥሩ የዚህን ኡማ ዕድሜ ሊያመለክት እንደሚችል ጠቁመው ነበር። ድምሩ በመግሪብ አቆጣጠር የተሠራ ነው፤ በምሥራቁ ቢሠራ 693 ብቻ ይሆናል። ኢብኑ ሐጀር (ሞት 852 ሂ.) ይህን ዓይነቱን ሒሳብ መሠረት የሌለው ብለው ውድቅ አድርገውታል። ዛሬ ከሂጅራ ወዲህ ከ1400 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ 693ም 903ም ካለፉ ቆይተዋል። የአስ-ሱሀይሊ ዕውቀትና ክብር እንዳለ ነው፤ የወደቀው መንገዱ ነው። እንዲህ ያለ ዓሊም የተሰናከለበትን መንገድ ለአንድ መንደርተኛ መጽሐፍ ገላጭ ማመን አይገባም።

የጠበቆቹ ማስረጃ

በመጀመሪያ የሚጠቀሰው ከመዲና አይሁድ መሪዎች አንዳንዶቹ «አሊፍ ላም ሚም»ን 71 ብለው ቆጥረው የኡማውን ዘመን ለማወቅ ሞከሩ የሚለው ዘገባ ነው። ከዚያም 161፣ 231ና 271 የሚሆኑት መክፈቻዎች ሲነበቡላቸው ድምሩ 734 ደረሰ ይላል። ኢማም አጥ-ጠበሪ ይህን ትርጉም ከሌሎቹ ጋር የተቀበሉት መሆኑን መሸሸግ አይገባም። ነገር ግን ኢብኑ ከሢር (ሞት 774 ሂ.) የዘገባው ሰንሰለት ብቻውን ባስተላለፈው ጊዜ በማይታመነው በአል-ከልቢ ላይ መቆሙን አሳይተዋል። ዘገባው ትክክል ነው ቢባል እንኳ ቆጣሪዎቹ ግራ ተጋብተው መነሣታቸውን ይነግራል እንጂ እንዳወቁ አይነግርም። በአንጻሩ ከኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ.) በዐብዱር-ረዛቅ «ሙሰነፍ» የተላለፈው ንግግር አብጀድን ከኮከብ ጋር አያይዘው የሚመለከቱ ሰዎችን በጽኑ የሚያወግዝ ነው።

ሁለተኛው ማስረጃ «ሸምሱል መዓሪፍ» ነው። በአል-ቡኒ ስም ታትሞ የሚሸጠው ትልቁ ቅጂ ከእርሳቸው በኋላ የኖሩ ሰዎችን የሚጠቅስ በመሆኑ፣ በኋለኛ ዘመን የተቀናበረ መሆኑን አጥኚዎች ደርሰውበታል። የአንድ ዓሊም ስም በሽፋን ላይ መታተሙ ኪታቡን ሑጃ አያደርገውም።

ሦስተኛው «ሙጀረብ ነው፤ ሠርተን አይተነዋል» የሚለው ነው። ኢብኑ ኸልዱን (ሞት 808 ሂ.) በ«ሙቀዲማ» የገለጹት «ሒሳቡን-ኒም» እዚህ ላይ ይጠቅመናል። የሚዋጉ ሁለት ነገሥታት ስም ይቆጠራል፤ በ9 ይገደፋል፤ ትራፊዎቹ ሙሉና ጎዶሎ መሆናቸው ተነጻጽሮ አሸናፊው ይታወቃል ይባል ነበር። ኢብኑ ኸልዱን ለአሪስጣጣሊስ የተሰጠው ያ መጽሐፍ የእርሱ ስለመሆኑ እምነት እንደማይጣልበት፣ ሒሳቡም በማረጋገጫ ያልቆመ መሆኑን ተናግረዋል። ስለ ጋብቻም ሙከራ የሚባለውን እንመርምር። ኮከባቸው አልገጠመም ተብለው የተለያዩት ስላልተጋቡ ብይኑ ሐሰት መሆኑ የሚታወቅበት መንገድ የለም። ተጋብተው የተጣሉት «ብለን ነበር» ይባልባቸዋል። ተጋብተው በሰላም የኖሩት አይቆጠሩም። ሊሸነፍ የማይችል ሙከራ ሙከራ አይደለም።

የሸሪዓው ሚዛንና የእኛ ድርሻ

መሠረቱ ግልጽ ነው። የሩቁን ምሥጢር ከአላህ በቀር የሚያውቅ እንደሌለ በሱረቱን-ነምል (27፥65) ተነግሯል፤ ነፍስ ነገ የምታገኘውን እንደማታውቅ በሱረቱ ሉቅማን (31፥34) ተነግሯል። ወደ ዐራፍ ሄዶ የጠየቀ ሰው ሶላቱ ለ40 ሌሊት ተቀባይነት እንደማያገኝ በሶሒሕ ሙስሊም በተላለፈው ሐዲስ ተገልጿል። ወረቀትና እርሳስ መያዝ ዐራፍነትን አይለውጠውም። ሰውን በእናቱ ስም መቁጠርም ራሱን የቻለ ጥያቄ ያስነሣል። «እናት እርግጠኛ ናት» የሚለው ምክንያት በሰው የዘር ክብር ላይ ጥርጣሬ የሚጥል ነው፤ ቁርኣን ግን ሰዎች በአባቶቻቸው እንዲጠሩ ያዝዛል (33፥5)።

ስም ዋጋ የለውም እያልን አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዓሲያ የተባለችን ሴት ጀሚላ ብለው ሰይመዋል፤ የሰዒድ ኢብኑል ሙሰየብን አያት ስሙን ከሐዝን ወደ ሰህል እንዲለውጥ ጠይቀዋል። የመረመሩት ትርጉሙን ነው፤ «አመፀኛ»ን በ«ውብ»፣ «አስቸጋሪ»ን በ«ገር» ለመተካት። ፊደል ቆጥረው ስም አልለወጡም። ጋብቻን በተመለከተም ሃይማኖትንና ጠባይን መመልከትን፣ ልብ ሲያመነታም ኢስቲኻራን እንደ ቁርኣን ሱራ አስተምረዋል። ኢስቲኻራ ባሪያው አለማወቁን አምኖ ዐዋቂውን የሚለምንበት ነው፤ ኮከብ ማስቆጠር ደግሞ ሳያውቁ ማወቅን መናገር ነው።

ከዚህ በመነሣት ለመምህራንና ለኢማሞች ሁለት ነገር እናሳስባለን። በመድረሳ አብጀድ ሲያስተምሩ ጥቅሙንና ድንበሩን በአንድ ትምህርት ያስተምሩ፤ የሷሊሕን ሒሳብ ደረሶቹ ራሳቸው በሁለቱም አቆጣጠር ይሥሩት፤ ትራፊው ሲለያይ በዓይናቸው ያዩታል። ሁለተኛው ይከብዳል። ልጁን ሊድር የመጣ አባት ሁለት ስም በወረቀት ጽፎ ሲያቀርብ፣ ኢማሙ ወረቀቱን መመለስ ብቻ አይበቃውም፤ አባትየው የመጣው ስለ ልጁ ፈርቶ ነውና። ያን ፍርሃት ባዶ እጁን ከሰደድነው ሌላ በር ያንኳኳል። ስለዚህ ኢማሙ ከአባትየው ጋር ተቀምጦ ስለ ወጣቱ ሶላት፣ አማና፣ ጠባይና ሥራ ይጠይቅ፤ የሚያውቁትን ሰዎች ያነጋግር፤ ልጅቱ ፈቃደኛ መሆኗን ያረጋግጥ። ይህ ከመደመርና ከመግደፍ ይልቅ ጊዜ ይወስዳል፤ ግን የሚጠየቅበት ጉዳይ የሰው ዕድሜ ነው።

ወላሁ አዕለም።