በርሜል ውስጥ የሚሠራ ባሕር

ቤቱ ውስጥ የባሕር ዓሣ የሚያረባ ሰው ዘንድ የሄደ እንግዳ ዓይኑ የሚያርፈው የመስታወት ገንዳው ላይ ነው። እኔ የማደንቀው ጓዳ የተቀመጠውን ባለክዳን የፕላስቲክ በርሜል ነው። ባሕሩ የሚሠራው እዚያ ነዋ! መጀመሪያ የተጣራ ውሃ ይሞላል፤ የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስለሚኖረው አይታመንም። ከዚያ ፓምፑ እያማሰለው የዓሣ ገንዳ ጨው ቀስ እያለ ይነሰነሳል፤ በሊትር 35 ግራም ገደማ። የወጥ ቤት ጨውማ አይታሰብ። ቅደም ተከተሉም ቀልድ አይደለም፦ ውሃው ጨው ክምር ላይ ቢፈስ ካልሲየሙ ከካርቦኔት ጋር ተጣምሮ ነጭ ዝቃጭ ይሆናል፤ ኮራል አጽሙን የሚገነባው ደግሞ በእነዚሁ በሁለቱ ነው። ማሞቂያው 25 ዲግሪ ሲያደርሰው፣ የጨዋማነት መለኪያውም 1.025 ገደማ ሲያሳይ ክዳኑ ይገጠማል። ውሃ ሲተን ጨው አብሮት አይሄድምና ክፍት የተተወ በርሜል ጨዋማነቱ እየባሰ ይሄዳል።