የኢዮብ ወዳጆች በለቅሶ ቤት

በአገራችን ለቅሶ ቤት የኢዮብን ያህል ስሙ የሚነሣ የመጽሐፍ ቅዱስ ሰው የለም። ልጅ የሞተባትን እናት «የኢዮብን ጽናት ይስጥሽ» የማይል ጎረቤት፣ ቄስ ወይም ሰባኪ ማን አለ? ምርቃቱ መልካም ነው። ዳሩ ግን የምንጠራው ኢዮብ የትኛው ኢዮብ እንደ ሆነ ጠይቀን የምናውቅ አይመስለኝም። የዚህ ጽሑፍ ሙግት አጭር ነው፤ መጽሐፈ ኢዮብን ገና ከመግቢያው እናጥፈዋለን፣ ከዚያም አንብበን ባልጨረስነው መጽሐፍ ሐዘንተኛውን ዝም እናሰኛለን።

መጽሐፉ 42 ምዕራፎች አሉት። ሀብቱንና ዐሥር ልጆቹን በአንድ ቀን ያጣው ሰው ልብሱን ቀድዶ፣ በምድር ላይ ተደፍቶ፣ የሰጠውንና የነሣውን አምላክ የሚያመሰግነው በመጀመሪያው ምዕራፍ ነው። በሁለተኛው ደዌ ይጨመርበታል፤ አሁንም በአንደበቱ አይበድልም። የለቅሶ ቤቱ ኢዮብ እዚህ ላይ ያበቃል። በሦስተኛው ምዕራፍ ግን ያው ሰው አፉን ከፍቶ የተወለደበትን ቀን ይረግማል። ከዚያም እስከ 31ኛው ምዕራፍ ድረስ እየተመላለሰ ይሟገታል፣ ይማረራል፣ ፈጣሪውን ፊት ለፊት አግኝቶ ጉዳዩን ለማስረዳት ይመኛል። ወዳጆቹ በበኩላቸው ለእግዚአብሔር ጥብቅና ይቆማሉ፤ ያለ ኃጢአት መከራ አይመጣምና አንድ የሠራኸው በደል ቢኖር ነው ይሉታል። በመጨረሻ ፍርዱ ሲሰጥ ቁጣው የነደደው በእነዚሁ ጠበቆች ላይ ነው። ቅን ነገር ተናገረ የተባለው ሲማረር የከረመው ኢዮብ ሆነ።

እንግዲህ ደራሲው ለምስጋናው ሁለት ምዕራፍ፣ ለሙግቱ ግን ያን ሁሉ ገጽ መስጠቱ ያለ ነገር አይደለም።

ጉዳዩን ወደ ጊንጪ የምወስደው በምክንያት ነው። ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ይህች ከተማ በኅዳር 2008 ዓ.ም. ተማሪዎቿ በጭሊሞ ደንና በስታዲየሟ ቦታ ጉዳይ ተቃውሞ ይዘው ወጡ። ተቃውሞው በኦሮሚያ ከዳር እስከ ዳር ተዛመተ፤ ሂውማን ራይትስ ዎች በሰኔ ወር 2008 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ የሟቾቹን ቁጥር ከ400 በላይ ገመተ። ከእያንዳንዱ ቁጥር ኋላ አንድ ድንኳን፣ አንድ ቀብር፣ አንዲት እናት አለች።

በዚያ መስመር በተቀመጥኩባቸው ለቅሶ ቤቶች፣ በኦርቶዶክሱም በጴንጤውም ዘንድ፣ ቃሉ ተመሳሳይ ነበር፤ «የእሱ ፈቃድ ነው»፣ «ጌታ የሚወደውን ይወስዳል»፣ «አታልቅሺ፣ ታስቀይሚዋለሽ»። አጽናኞቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ነገር ግን በጥይት ለወደቀ ልጅ «ጌታ ወሰደው» ስንል ምን እያልን ነው? ተኳሹን ከነገሩ አውጥተን ጥይቱን ለእግዚአብሔር እናስታቅፈዋለን። እናቲቱም የምትጠይቀው አካል ታጣለች፤ ሰውን እንዳትጠይቅ ፈቃዱ የእግዚአብሔር ነው ተባለች፣ እግዚአብሔርን እንዳትጠይቅ ደግሞ ኃጢአት ነው ተባለች። የኢዮብ ወዳጆች ከዚህ የከፋ ነገር አልተናገሩም።

ይህን ስል የአገሬን የለቅሶ ሥርዓት ማጣጣሌ አይደለም። ዕድርተኛው ድንኳን ሲተክል፣ ሴቶቹ ንፍሮ ሲቀቅሉ፣ ጎረቤት ሥራ ፈትቶ ምንጣፍ ላይ ሲያድር ከስብከት የሚበልጥ ነገር ይሠራል። የኢዮብ ወዳጆችም አንድ መልካም ሥራ ሠርተዋል፤ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከእሱ ጋር መሬት ላይ ዝም ብለው ተቀምጠዋል። የተሳሳቱት መናገር ሲጀምሩ ነው።

ልቅሶ ከእምነት ውጭ ነው የሚለውን አስተሳሰብ የራሳችን ቅርስም ይቃወመዋል። ቤተ ክርስቲያን ፊት መንጨትንና ደረት መድቃትን ስትከለክል ኖራለች፤ ነገር ግን በየዓመቱ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 በጽጌ ወራት ሰቆቃወ ድንግልን ታዜማለች፤ ልጇን አዝላ የተሰደደች እናት ልቅሶ ማኅሌት ሆኖ ይቆማል። ሰቆቃወ ኤርምያስን እንይ። ከአምስቱ ምዕራፎች አራቱ በዕብራይስጥ ፊደል ተራ የተዋቀሩ ናቸው፤ ፊደላቱ 22 ናቸው፣ ሦስተኛው ምዕራፍ ለእያንዳንዱ ፊደል ሦስት ሦስት ስንኝ ሰጥቶ 66 ይሆናል። ሐዘኑ ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው ይነገር ዘንድ ተፈቅዶለታል፤ ከመካከል የሚቆርጠው የለም።

የጊንጪ እናት የምታለቅስበት ቋንቋም የራሱ ታሪክ አለው። ሙሉውን መጽሐፍ ቅዱስ፣ ኢዮብንም ጨምሮ፣ ወደ ኦሮምኛ መልሶ በ1891 ዓ.ም. በግዕዝ ፊደል ለኅትመት ያበቃው ኦኔሲሞስ ነሲብ በልጅነቱ ተሰርቆ ለባርነት የተሸጠ ሰው ነበር። የሥራው አጋር አስቴር ጋኖም ከባርነት ነፃ የወጣች ናት። ያ የኢዮብ ምሬት በኦሮምኛ የተጻፈው ምሬትን በሚያውቁ እጆች ነው።

ከጊንጪ አልፎ ወለጋ የሚደርሰው መንገድ ወደ ሌላ ምስክር ይወስደናል። የወለጋው ተወላጅ፣ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ፣ አገር ጥለው እንዲወጡ መንገድ ቢመቻችላቸውም መንጋዬን ትቼ አልሄድም ብለው ቀሩ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ታፍነው ተወሰዱ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳም ብዙም ሳይቆዩ ታስረው ዐሥር ዓመት ግድም በወህኒ ቤት ተሠቃዩ። የቄስ ጉዲና አስከሬን የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በ1984 ዓ.ም. ነው። ዐሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ቀብር የለም፣ ሠልስት የለም፣ አርባ የለም። እንዲህ ያለውን መከራ «ሁሉም ለበጎ ነው» በሚል አንድ ቃል ለመዝጋት የሚደፍር አጽናኝ ካለ እሱ የሚያጽናናው ራሱን ነው።

ዛሬ በየመድረኩና በየመዝሙሩ የሚሰማው ደግሞ ከመከራ ወደ ድል በአንድ ዝላይ መሻገር ነው፤ የመጀመሪያው ስንኝ እንባ፣ አዝማቹ ጭብጨባ። በደርግ ዘመን ሰባት ዓመት የታሰረው የተስፋዬ ጋቢሶ መዝሙሮች ከዘመን ዘመን የተሻገሩት ሌሊቱን ሳይክዱ ተስፋ ስለሚያደርጉ ይመስለኛል።

አማርኛችን ራሱ የሚያስተምረን ነገር አለ። በዳዊት መዝሙር ውስጥ እየተደጋገመ የምናገኘው «አቤቱ» እና በዳኛ ፊት የምናቀርበው «አቤቱታ» ከአንድ ቃል የወጡ ናቸው። ለማይሰማ አቤት አይባልም። «ለምን?» ብላ ወደ ሰማይ የምትጮኽ እናት የሚሰማ ዳኛ አለ ብላ አምናለች፤ እምነት የጎደለውስ ጩኸቷን የፈራው አጽናኝ ነው።

የመጽሐፉ መደምደሚያም ይህንኑ ያጸናል። ኢዮብ ከብቶቹ እጥፍ ሆነው ተመለሱለት፤ 7,000 በጎች 14,000 ሆኑ። ልጆቹ ግን እጥፍ አልሆኑም፤ ፊትም ዐሥር፣ ኋላም ዐሥር። ደራሲው በግ በበግ እንደሚተካ፣ ልጅ ግን በልጅ እንደማይተካ ያውቅ ነበር። እኛም ለቅሶ ቤት ስንደርስ ይህን ያህል ብናውቅ ይበቃናል። ሌላው ዝም ብሎ መቀመጥ ነው፣ እናቲቱ እስክትናገር፤ ስትናገርም አለማቋረጥ።