ዳግም የተሞላ ቀለሃ

ጥሩ እጅ የሞላው ቀለሃ ከታቹ ይታወቃል። በሰባት ቤት ጉራጌ፣ እምድብር አካባቢ፣ በአንድ ሽማግሌ ቤት ዝናር ላይ እንደተሰኩ የቆዩ ባዶ የውጅግራ ቀለሆችን እያገላበጥኩ አይቻለሁ። የአብዛኞቹ ታች ተቧጥጧል። የአንዱ ግን ባሩዱን የሚለኩሰው ካፕሱል ከሚቀመጥበት ጉድጓድ ጠርዝ ላይ ከአንዲት ቀጭን ጭረት በቀር ምንም የለበትም።

ውጅግራ ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1874 ለጦራቸው የመረጡት ባለ11 ሚሊ ሜትር ጠመንጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1886 ሌበል የተባለውን አዲስ ጠመንጃ ሲይዙ አሮጌው ወደ እኛ በብዛት ጎረፈ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ተተኮሰ፤ ከአርባ ዓመት በኋላ ጣሊያን ተመልሶ ሲመጣም ገና ከትከሻ አልወረደም ነበር። ጠመንጃው ቢገኝም ጥይቱ ብርቅ ነበር፤ በየገበያው እንደ ገንዘብ እስከ መመንዘር ደርሷል። ስለዚህ ወታደሩ የተኮሰበትን ቀለሃ ይለቅማል፣ የሚያውቅበት ሰው ደግሞ እንደገና ይሞላዋል።

መጀመሪያ ያረጀው ካፕሱል መውጣት አለበት። በሌላ ዓይነት ቀለሃ ከውስጥ በምስማር ገፍቶ ማስወጣት ይቻላል፤ በውጅግራ ግን አይሆንም። ካፕሱሉ የሚመታባት ትንሽ ጉብታ ከቀለሃው ከራሱ ነሐስ የወጣች ናትና መሃሉን ትዘጋዋለች፤ እሳቱ የሚያልፈው በጎኗ ባሉ ደቃቅ ቀዳዳዎች ነው። ሠሪው ሹል ነገር ይዞ ከውጭ፣ ከጠርዙ መፈልቀቅ ይኖርበታል። እጁ ትንሽ ከሳተ ጉብታዋ ትጨፈለቃለች፣ ቀለሃውም ዳግመኛ አያገለግልም። አንዲት ጭረት ብቻ ትቶ ያለፈ ሰው የት እንደሚነካ ያውቅ ነበር።

አፉም ይናገራል። ነሐስ በተተኮሰና በተቀጠቀጠ ቁጥር ይደርቃል፤ በመጨረሻ ከአፉ ይሰነጠቃል። መድኃኒቱ አፉን በእሳት ማለስለስ ነው፤ ታቹ ግን መለስለስ የለበትም፤ የፍንዳታውን ጉልበት የሚሸከመው እሱ ነውና። በዚህ ቀለሃ ላይ የእሳቱ ወዝ አንገቱ ጋ ሲደርስ ቀጥ ብሏል። ጥቁር ባሩድ የሚተወው ጥላሸትም ነሐስ ይበላል። የውስጡ አለመሸርሸር ከተኩስ በኋላ ሳይውል ሳያድር በውኃ ታጥቦ እንደደረቀ ይመሰክራል።

ለጥይቱ እርሳስ ማቅለጥ ማንም ይችላል፤ ከባዱ ልኩ ነው። ወፍሮ ከወጣ ጥይቱ ጠመንጃው ውስጥ አይገባም፤ ከቀጠነ ደግሞ ጋዙ በጎኑ ያመልጥና ዒላማውን ይስታል። ዛሬ በአሜሪካ የሪቮልቨር ቀለሃ ውስጥ በአንድ እርሳስ ፈንታ ደቃቅ የእርሳስ ፍሬዎች በየቤታቸው እየሞሉ ለእባብ መግደያ የሚይዙ ሰዎች አሉ። ባሩድ የሚመዝኑበት ሚዛን፣ ውፍረት የሚለኩበት ካሊፐር፣ የተነፋውን ቀለሃ ወደ ልኩ የሚመልስ መጭመቂያ አላቸው። ሥራቸው ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ አከብረዋለሁ። የእኛ ሠሪ መለኪያ ግን ጠመንጃው ራሱ ነበር። ቀለሃውን ያስገባል፣ ያወጣል፣ ይሞርዳል፣ መልሶ ያስገባል፤ ዓይኑና ጣቱ እስኪረኩ ድረስ።

እንዲህ ያለው እጅ ክብር አላገኘም። በሰባት ቤት ጉራጌ ብረት ቀጥቃጩ፣ ቆዳ ፋቂውና የቤቱን ምሰሶ የሚያቆመው ፉጋ መሬት እንዳይዙ፣ ከገበሬ ልጅ ጋር እንዳይጋቡ ተከልክለው ኖረዋል። በሌላውም የአገራችን ክፍል የባለእጁ ዕጣ ከዚህ ብዙ አይለይም። ተኳሹ ይፎክራል፣ ይፎከርለታል፤ ጥይቱን የሞላለትን ግን ማንም አያነሳውም። ይህ ያንገበግበኛል።

በየቤቱ የቀረውን ቀለሃ አሁን ቁራሌው በኪሎ ይወስደዋል፤ ለእሱ ሁሉም ነሐስ ነው። ሙዚየሞቻችን ጠመንጃውን ከነባለቤቱ ስም ይሰቅላሉ። ከጎኑ በእጅ የተሞላ አንድ ቀለሃ ታቹ ለተመልካች ዞሮ ቢቀመጥ፣ ካፕሱሉ እንዴት እንደተፈለቀቀና አፉ እስከ የት በእሳት እንደለሰለሰ በሁለት መስመር ቢጻፍበት፣ የሠሪው ድርሻም ከተኳሹ ጋር ይታይ ነበር።